«ሂሳብዎ ሊመረመር ነው» የሚል ደብዳቤ ሲደርስዎ

ወላይታ ሶዶ መርካቶ ውስጥ ሸቀጥ የሚነግዱ፣ ቦዲቲ ላይ ቅቤ የሚሰበስቡ፣ አረካ ላይ ዝንጅብል ከገበሬ የሚገዙ ወይም ጠበላ ላይ ሥጋ ቤት የከፈቱ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። በስምዎ ንግድ ፈቃድ አውጥተው፣ ራስዎ ገዝተው ራስዎ ሸጠው የሚያድሩ ግለሰብ ነጋዴ ነዎት። ቋሚ የሂሳብ ሠራተኛ የለዎትም፤ ቢኖርም በዓመት አንድ ጊዜ የግብር ማሳወቂያ ቅጽ የሚሞላልዎት ሰው ነው። የኦዲት ደብዳቤ ሲደርስዎ ታዲያ ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ይገባዎታል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። በግብር ክርክር የማስረዳት ሸክም ያለበት ግብር ከፋዩ ነው። የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የግብር ውሳኔ ስህተት መሆኑን የማስረዳት ኃላፊነት በግልጽ የሚጥለው በከፋዩ ላይ ነው። «እኔ ይህን ያህል አልሸጥኩም» ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ አለመሸጥዎን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። ያላተረፈውን ገንዘብ ግብር የሚከፍል ነጋዴ አንዳች የደበቀ ሰው ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የጎደለው ማስረጃ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ወረቀትና ቀን ላይ ያተኩራሉ።

የትኛው ሕግ ነው የሚመለከተኝ ካሉ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልል ውስጥ ከሚሠሩ ግለሰብ ነጋዴዎች የንግድ ሥራ ግብር የሚሰበስበው ክልሉ ነው። ስለዚህ መርማሪዎ የሚመጣው ከከተማ ወይም ከወረዳ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ አለዚያም ከዞኑ ወይም ከክልሉ የገቢ መሥሪያ ቤት ነው። የክልሎች የግብር ሕግ በአመዛኙ የፌዴራሉን ይከተላል፤ የአዋጁ ቁጥርና አንዳንድ ዝርዝር ግን ሊለይ ይችላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናትና መጠኖች ከፌዴራሉ አዋጅ የተወሰዱ ናቸው። ደብዳቤዎ ላይ የተጠቀሰውን የክልል አዋጅ ቁጥር ይዘው ጽሕፈት ቤቱ ሄደው ያስነብቡ፤ ጊዜውንም ከዚያ ላይ ያረጋግጡ።

1. ደብዳቤውን ይቀበሉ፤ የደረሰዎትን ቀን ይጻፉበት

አንዳንድ ሰው ደብዳቤ አልቀበልም ማለት ምርመራውን የሚያዘገይ ይመስለዋል። አያዘገይም። የሚያተርፍልዎት ነገር ቢኖር «ለመተባበር ፈቃደኛ አልሆነም» የሚል ማስታወሻ ፋይልዎ ውስጥ መግባቱ ብቻ ነው። ሱቅ የሚጠብቅልዎት ልጅ ወይም ወንድም ካለ፣ ማንኛውንም የመንግሥት ደብዳቤ እንዲቀበል፣ ቀኑንና ሰዓቱን እንዲጽፍበትና በዚያው ቀን እንዲያደርስልዎት ይንገሩት። መሳቢያ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያደረ ደብዳቤ የእርስዎን ጊዜ ይበላል እንጂ የመሥሪያ ቤቱን አይበላም።

ከዚያ ደብዳቤውን በጥሞና ያንብቡ። ማኅተምና ፊርማ አለው? ቲን ቁጥሩ የእርስዎ ነው? የአባትና የአያት ስም ተመሳስሎ የሌላ ሰው ደብዳቤ መድረሱ የሚያጋጥም ነገር ነው። የተጠየቁት ሰነዶች በዝርዝር ተጽፈዋል? የተሰጠዎት ጊዜ ካጠረብዎት ተጨማሪ ቀን ይጠይቁ፤ የሚጠይቁት ግን ቀኑ ሳያልፍ፣ በጽሑፍና ምክንያቱን ጠቅሰው ይሁን። ከማመልከቻው ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ ሌላው ላይ የመዝገብ ቤቱን የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርገው ይዘው ይመለሱ። ይህን ከአሁን ጀምሮ ለሚያስገቡት ወረቀት ሁሉ ያድርጉ።

2. ዓመቱን፣ የግብሩን ዓይነትና በዚያን ጊዜ የነበሩበትን ደረጃ ይለዩ

የግለሰብ ነጋዴ የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። «የ2015 ሂሳብ» ሲባል መስከረምን መነሻ አድርገው እንዳይቆጥሩ፤ የሁለት ዓመት ሰነድ ይደባለቅብዎታል።

በተለይ አሁን ልብ ማለት የሚገባው ደረጃው ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ዓመታዊ ሽያጩ 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ግለሰብ ነጋዴ ደረጃ «ሀ»፣ ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ብር ያለው «ለ»፣ ከ500 ሺህ በታች ያለው «ሐ» ነበር። በ2017 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ይህን አከፋፈል ቀይሮታል። የሚመረመረው ግን ያለፈ ዓመት ስለሆነ፣ የሚሠራብዎት በዚያ ዓመት የነበረው ሕግና ደረጃ ነው። ያኔ «ሐ» ከነበሩ የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታዎ እንደ «ሀ» አልነበረም። መርማሪው የዛሬውን ስፋትዎን አይቶ የትናንቱን መዝገብ ቢጠይቅዎት፣ የዚያን ዓመት የግብር ማሳወቂያና የደረጃ ማስረጃ ያሳዩት።

ዓመቱ ስንት ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል? በፌዴራሉ አዋጅ ግብር ያሳወቀ ሰው ውሳኔው ሊሻሻልበት የሚችለው ካሳወቀበት ቀን ጀምሮ እስከ አምስት ዓመት ነው። ማጭበርበር ወይም ከባድ ቸልተኝነት ከተገኘ ግን የጊዜ ገደብ የለም። አምስት ዓመቱ የሚሠራልዎት ያሳወቁበት ቀን ከታወቀ ስለሆነ የማሳወቂያውን ደረሰኝ በፍጹም አይጣሉ።

አንድ የአካባቢያችን ጉዳይ ላክልበት። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የተመሠረተው ነሐሴ 2015 ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ደረሰኞችዎና ክሊራንሶችዎ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ማኅተም ያረፈባቸው ናቸው። «የድሮ ክልል ወረቀት ነው» ብለው ቤት ሲያጸዱ እንዳይጥሏቸው፤ ከፍለው ለነበረው ግብር ማስረጃዎ እነርሱ ናቸው።

3. ሰነዱን በዓመትና በወር ያሰባስቡ

ለእያንዳንዱ የግብር ዓመት አንድ ካርቶን ይመድቡ። ውስጡ አሥራ ሁለት ፖስታ ያስገቡ፤ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ለየወሩ አንድ። በየፖስታው የግዥ ደረሰኝ፣ የሽያጭ ደረሰኝ ወይም የካርኔ ቀሪ፣ የቤት ኪራይ፣ የመብራት፣ የትራንስፖርትና የሠራተኛ ደመወዝ ሰነድ ይገባል። የንግድ ፈቃድ፣ የኪራይ ውል፣ የግብር ማሳወቂያና የክፍያ ደረሰኝ በአሥራ ሦስተኛው ፖስታ ይሁኑ።

የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚጠቀሙ ከሆነ በየቀኑ የሚወጣው ዜድ ሪፖርት በተራ ቁጥሩ የተሟላ መሆኑን ይቁጠሩ። ቁጥር ዘሎ ከተገኘ ከመርማሪው በፊት ምክንያቱን ይወቁት፤ ማሽኑ የተበላሸበት ቀን ከነበረ ለአገልግሎት ማዕከሉ ያሳወቁበትን ማስረጃ አያይዙ። ከማሽን የሚወጣው ወረቀት ደግሞ በሙቀትና በጊዜ ይደበዝዛል። ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ደረሰኝ ነጭ ወረቀት ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። የግዥ ደረሰኝዎን በደረሰዎት ሳምንት ፎቶ ኮፒ አድርገው ከዋናው ጋር ይስፉት።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ልግባ፤ ከገበሬ የሚገዛ ነጋዴ ማስረጃ። የወላይታ ንግድ ግማሽ ነፍሱ እዚህ አለ። ዝንጅብሉ፣ ቡናው፣ ቅቤው፣ አቮካዶው፣ የደለበው በሬ የሚመጣው ደረሰኝ ከሌለው ሰው ነው። የሥጋ ቤት ባለቤት ጠዋት ከብት ገበያ ወርዶ በሬ በ90,000 ብር ይገዛል እንበል። ገበሬው ብሩን ቆጥሮ ይሄዳል። በእጅ የቀረ ወረቀት የለም። መርማሪው ሲመጣ ሽያጩን ከቄራው መዝገብ ያገኘዋል፤ ስንት በሬ እንደታረደ እዚያ ተጽፏል። ግዥውን ግን ማስረጃ የለውም ብሎ ከወጪ ይሰርዘዋል። ከፍተኛው የንግድ ትርፍ ግብር 35 በመቶ ላይ የደረሰ ነጋዴ ከሆኑ፣ ከአንድ በሬ ብቻ 31,500 ብር ግብር ተጨመረብዎት ማለት ነው። በበሬው ያተረፉት ግን ከዚያ ብዙ ሊያንስ ይችላል።

መፍትሔው የግዥ ቫውቸር ነው። ደረሰኝ መስጠት ከማይችል ሻጭ ሲገዙ፣ ገዢው ራሱ የሚያዘጋጀውና ሻጩ የሚፈርምበት ተከታታይ ቁጥር ያለው ሰነድ ነው። ማተሚያ ቤት ሄደው እንደፈለጉ አያሳትሙትም፤ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት የማሳተሚያ ፈቃድ ይጠይቃል። በእያንዳንዱ ላይ የሻጩ ሙሉ ስም፣ ወረዳና ቀበሌ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት ወይም ክብደት፣ ዋጋ፣ ቀንና ፊርማ ይስፈር። መጻፍ የማይችል ሰው ከሆነ የጣት አሻራና የምስክር ስም ያስገቡ። ገበሬው ስሜ ተጻፈብኝ ብሎ ሊፈራ ይችላል። አስቀድመው በሚገባው ቋንቋ፣ በወላይትኛ፣ ወረቀቱ ለእርስዎ ወጪ ማስረጃ መሆኑን ያስረዱት። በግርግር መሐል የተሞላ ቫውቸር ስህተት አያጣውም። ስለዚህ ከተቻለ አንድ ሰው ይመዝን፣ ሌላው ይጻፍ።

ኦዲት ከመጣ በኋላ ያለፈውን ዓመት ቫውቸር ተቀምጠው መሙላት ግን አይሞክሩ። የአንድ ሰው እጅ ጽሕፈት፣ የአንድ ብዕር ቀለም፣ ያልተጨማደደ ወረቀት፤ መርማሪ ይህን ለመለየት ብዙ አይደክምም። ከሌላ ነጋዴ የተገዛ ደረሰኝ ማቅረብም እንዲሁ ነው። የጎደለ ሰነድ በገንዘብ የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ የሐሰት ሰነድ ግን የወንጀል ክስ ያመጣል፣ የአምስት ዓመቱንም ጥበቃ ያሳጣዎታል። ቫውቸር ከሌለዎት የሚበጀው እውነተኛውን ተዘዋዋሪ ማስረጃ መሰብሰብ ነው፦ ከብት ገበያው የሚሰጠው የቀረጥ ደረሰኝ፣ የቄራ ክፍያ፣ የጭነት ደረሰኝ፣ ለሻጩ በቴሌብር ወይም በባንክ ያስተላለፉበት ማስረጃ። ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት ባያገኝ እንኳን ግምቱን ወደ እውነቱ ያቀርበዋል።

ለመሥሪያ ቤት ወይም ለትምህርት ቤት ዕቃ ያቀረቡ ከሆነ፣ ሲከፈልዎት ቀድሞ የተቀነሰ ግብር አለ። በአዋጅ 979/2008 ይህ 2 በመቶ ነበር። የተቀነሰበትን ደረሰኝ ካላቀረቡ ያንኑ ግብር ሁለተኛ ይከፍሉታል። የጎደለ ካለ ወደ ገዢው መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ሄደው ቅጂውን ያስወጡ።

ሰነድን አለመያዝ ራሱን የቻለ ቅጣት አለው። በፌዴራሉ አዋጅ መዝገብ የመያዝ ግዴታ እያለበት ያልያዘ ነጋዴ የዓመቱ ግብሩ 20 በመቶ በቅጣት ይጨመርበታል። መዝገብዎ በወላይትኛ የተጻፈ ከሆነ አይጨነቁ፣ አይደብቁት፤ የፌዴራሉ ሕግ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ያልሆነ መዝገብ በግብር ከፋዩ ወጪ እንዲተረጎም ሊያዝ ስለሚችል ዋና ዋናዎቹን ገጾች አስቀድመው አስተርጉመው ያቅርቡ።

4. ባንክ የገባ ገንዘብ ሁሉ ሽያጭ አለመሆኑን ያስረዱ

መርማሪው የባንክ እንቅስቃሴዎን ማየቱ አይቀርም። በዓመቱ ወደ ሂሳብዎ የገባውን ደምሮ ካሳወቁት ሽያጭ ጋር ያነጻጽረዋል። የበለጠው «ያልታወቀ ሽያጭ» ይባላል፣ ማስረጃ ካልቀረበበት።

ስለዚህ ከየባንኩና ከቴሌብር የዓመቱን ሙሉ መግለጫ አስወጥተው፣ ማኅተም አስደርገው፣ መስመር በመስመር ይሂዱበት። ሽያጭ ያልሆነውን በሌላ ወረቀት ላይ ቀን፣ መጠን፣ ከማን እና ማስረጃው ብለው ይዘርዝሩ። የእቁብ ዕጣ ከደረሰዎት የእቁቡን ደብተር ቅጂና የዳኛውን የፊርማ ማረጋገጫ ያያይዙ። ብድር ከሆነ፣ ከኦሞ ባንክም ይሁን ከሌላ፣ የብድር ውሉን ያቅርቡ። ከደቡብ አፍሪካ ወይም ከአረብ አገር ወንድምዎ የላከው ከሆነ የሐዋላውን ወረቀት ያስገቡ። ከራስዎ አንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው ያዛወሩት ገንዘብ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ሁለቱንም መግለጫዎች ጎን ለጎን አድርገው ያሳዩ። የሌላ ነጋዴ ገንዘብ በእርስዎ ሂሳብ ያለፈ ከሆነ ያ ሰው በጽሑፍ ያረጋግጥ። ለወደፊቱ ደግሞ ለማንም ውለታ ብለው ሂሳብዎን አያውሱ።

የንግድና የቤት ገንዘብ በአንድ ሂሳብ ማንቀሳቀስ እዚህ ነው የሚያስከፍለው። ዛሬውኑ ለንግዱ የተለየ ሂሳብ ይክፈቱ፤ ያለፈውን ባያድንም የሚቀጥለውን ያቀልልዎታል።

5. መርማሪው ከመሥራቱ በፊት የእርሱን ሂሳብ እርስዎ ይሥሩት

በሸቀጥ ንግድ መርማሪ የሚጠቀምበት ስሌት ውስብስብ አይደለም። በዓመቱ መጀመሪያ ሱቅ የነበረ ዕቃ፣ ሲደመር በዓመቱ የተገዛ፣ ሲቀነስ በዓመቱ መጨረሻ የቀረ ዕቃ፤ ይህ የተሸጠው ዕቃ መግዣ ዋጋ ነው። በላዩ የትርፍ ህዳግ ይጨመርበትና ሽያጩ ይገኛል።

በቁጥር እንየው። ሐምሌ 1 ላይ 150,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ነበርዎት። በዓመቱ የ820,000 ብር ገዙ። ሰኔ 30 ላይ የ210,000 ብር ዕቃ ቀረ። የተሸጠው መግዣ 760,000 ነው፤ 15 በመቶ ቢያተርፉ ሽያጭዎ 874,000 ይሆናል። እርስዎ 850,000 አሳውቀው ከሆነ ልዩነቱ 24,000 ብር ነው፤ በብልሽትና በዋጋ ቅናሽ ማስረዳት የሚቻል ልዩነት። አሁን የሰኔ 30 ቆጠራ ወረቀት የለዎትም እንበል። መርማሪው የቀረውን ዕቃ ዜሮ አድርጎ ቢይዘው የተሸጠው መግዣ 970,000፣ ሽያጩ 1,115,500 ይሆናል። ልዩነቱ 265,500 ብር ደረሰ። በዚህም አያበቃም፤ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየውን የ1 ሚሊዮን ብር የቫት መመዝገቢያ ወሰን አለፉ ይባላል፣ ደረጃዎም ይለወጣል። መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ የነበረ ዕቃ እንደተሸጠ ተቆጥሮ ይህ ሁሉ መጣ።

ስለዚህ በየዓመቱ ሰኔ 30 ማታ ሱቁን ዘግተው ይቁጠሩ። የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የመግዣ ዋጋና ድምር ይጻፍ፤ የቆጠሩትና አንድ ምስክር ይፈርሙ። ባለፈው ዓመት ካልቆጠሩ በሐምሌ መጀመሪያ የሸጧቸውን ዕቃዎች ከደረሰኝ ቀሪው አውጥተው «እነዚህ ሰኔ 30 ላይ በእጄ ነበሩ» ብለው መከራከር ይችላሉ። አድካሚ ነው፤ ይሠራል ግን።

የትርፍ ህዳጉ ላይም ይዘጋጁ። ስኳርና ዘይት የሚሸጥ ሰው ህዳግ ከልብስ ሻጭ ጋር እኩል አይደለም። መርማሪው ለሁሉም አንድ መቶኛ እንዳይጠቀም፣ ዋና ዋና ዕቃዎችዎን መርጠው የግዥና የሽያጭ ደረሰኛቸውን አጣምረው ያሳዩ። የተበላሸ ዕቃ ካለ ሲጣል ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ከሱቅ ወደ ቤት የወሰዱት ዘይትና ሳሙናም በመዝገብ ይግባ፤ ወጪ ሆኖ አይያዝም፣ ግን ጉድለቱን ያስረዳል።

ይህን ስሌት ሲሠሩ ራስዎ ስህተት ካገኙ፣ ለምሳሌ የረሱት ሽያጭ ካለ፣ መርማሪው እስኪያገኘው አይጠብቁ። ሕጉ ግብር ከፋዩ ራሱ ማሳወቂያው እንዲስተካከልለት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ልዩነቱን ይክፈሉ። አሳንሶ ማሳወቅ በፌዴራሉ አዋጅ በመጀመሪያ ጊዜ የልዩነቱን 10 በመቶ፣ በሁለተኛው 30፣ ከዚያም 40 በመቶ ያስቀጣል፤ ራሱ የተናገረ ሰው ይህን ቅጣት በሚመለከት የሚከራከርበት ነገር ይኖረዋል።

6. በምርመራው ቀን

መታወቂያና የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ። ይህ ድፍረት አይደለም። በፌዴራሉ አዋጅ የጽሑፍ ፈቃዱን ሲጠየቅ ማሳየት ያልቻለ ሠራተኛ ግቢዎ ውስጥ የመግባትም የመቆየትም መብት የለውም። ፈቃዱን ካሳየ ግን በሩን ይክፈቱ፣ ወንበር ይስጡ፣ ይተባበሩ።

የሚናገር አንድ ሰው ይሁን፤ እርስዎ ወይም ውክልና የሰጡት የሂሳብ ባለሙያ። ሚስት አንድ፣ ልጅ ሌላ፣ ተቀጣሪ ሌላ ቁጥር ሲናገር ልዩነቱ ሁሉ ማስረጃ ይሆንብዎታል። የማያውቁትን ሲጠየቁ «አረጋግጬ በጽሑፍ እመልሳለሁ» ይበሉ። «በቀን ስንት ትሸጣለህ?» ለሚለው ጥያቄ በግምት የሚመልስ ነጋዴ በሦስት መቶ ቀን የሚባዛ ቁጥር ነው የሚሰጠው። መልስዎ ከደረሰኝዎ ይውጣ።

ጊዜውንም ያስመዝግቡ። የጊፋታ ሰሞን፣ መስከረም ላይ፣ በሶዶ ገበያ የሚሸጠው ሥጋ፣ ቅቤ፣ ቅመምና ልብስ ከሌላው ወር ጋር አይነጻጸርም። መርማሪ በዚያ ሳምንት መጥቶ ያየውን ሽያጭ የዓመት መለኪያ ካደረገ ፍትሕ አይሆንም። ቃለ ጉባኤው ላይ «የታየው የበዓል ሰሞን ሽያጭ ነው» የሚል ይጻፍልኝ ብለው ይጠይቁ፤ የጥርንና የግንቦትን የሽያጭ ሰነድም አብረው ያቅርቡ።

ዋናውን ሰነድ ሲያስረክቡ ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ ጽፈው ያስፈርሙ፤ ከማስረከብዎ በፊት ፎቶ ኮፒ ያድርጉ፣ ካልሆነ በስልክ ፎቶ ያንሱ። ቃለ ጉባኤ ሳያነቡ አይፈርሙ። ውይይቱ በወላይትኛ ተካሂዶ ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ ቃል በቃል ያስነብቡት። የማይስማሙበት ካለ ከፊርማዎ በላይ በእጅዎ ይጻፉበት።

«ሻይ ቡና» የሚል ፍንጭ ከመጣ አይስጡ። ጉቦ ሰጪም እንደ ተቀባዩ በወንጀል ይጠየቃል፣ የተሰጠውም ገንዘብ ፋይሉን አይዘጋውም። ለኃላፊው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ካልተፈታ የክልሉ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ተቋም አለ።

7. የመጀመሪያው ግኝት ሲነገርዎ

ምርመራው ሲያልቅ መርማሪው ያገኘውን ልዩነት አቅርቦ ያወያይዎታል። ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ ተናዶ ይወጣል ወይም «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብሎ ይፈርማል። ሁለቱም ይጎዳል። ስሌቱን በወረቀት ይጠይቁ፦ የትኛው ወጪ ተሰረዘ፣ በምን ምክንያት፣ የትርፍ ህዳጉ ከየት ተወሰደ። ለእያንዳንዱ ነጥብ በተናጠል፣ በተራ ቁጥር፣ ማስረጃ አያይዘው በጽሑፍ ይመልሱ። ውሳኔ ከመውጣቱ በፊት የሚስተካከል ቁጥር ከወጣ በኋላ ከሚስተካከለው እጅግ ይቀላል፤ በዚህ ደረጃ ላይ በጊዜና በድካም አይሰስቱ።

8. ውሳኔው ከደረሰዎት 21 ቀን

የግብር ውሳኔ ማስታወቂያው እጅዎ ከገባበት ቀን ጀምሮ በፌዴራሉ አዋጅ ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው። ቀኑን ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ያክብቡት፤ እርስዎ ግን በአሥረኛው ቀን ለማስገባት ያቅዱ። በሕመም ወይም ከአገር ውጭ በመሆን ካልቻሉ ጊዜው ሳያልፍ ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል።

የቅሬታ ማመልከቻው ሦስት ነገር ይናገር፦ የምቃወመው ይህን ነጥብ ነው፣ እንዲስተካከል የምጠይቀው እንዲህ ተብሎ ነው፣ ምክንያቴና ማስረጃዬ ይኸው። «ግብሩ በዛብኝ፣ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ» የሚል ማመልከቻ ልብ ይነካ ይሆናል፤ ቅሬታ ሰሚው ግን በእርሱ ላይ ተመሥርቶ መወሰን አይችልም። ያልተቃወሙትን የግብር ክፍል ደግሞ መክፈል አለብዎት፤ አለዚያ ማመልከቻው በአግባቡ እንደቀረበ አይቆጠርም።

ቅሬታ ሰሚው በ180 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ያ ጊዜ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ይግባኝ ሰሚ አካል መሄድ ይችላሉ። ከወሰነና ካልተስማሙም ይግባኙ በ30 ቀን ይቀርባል። ለይግባኝ ግን አዋጅ 983/2008 ከሚከራከሩበት ግብር 50 በመቶውን አስቀድሞ መክፈልን ይጠይቃል። ለግለሰብ ነጋዴ ይህ ከባድ ነው፤ በመጋዘን ያለውን ካፒታል ሊያሟጥጥ ይችላል። ስለዚህ ጉዳይዎን በቅሬታ ደረጃ ለመጨረስ የቻሉትን ያድርጉ፣ የሂሳብ ባለሙያ ወይም የግብር ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ መቅጠር ካስፈለገም ገንዘቡ የሚወጣው እዚህ ነው።

9. መክፈል ካለብዎት

ግብር ዘግይቶ ሲከፈል ቅጣቱ አንድ ወር ሲያልፍ 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ እየጨመረ ይሄዳል፤ ወለድም አለው። ስለዚህ ገንዘቡ በአንዴ ካልተሟላ ዝም ብለው አይቀመጡ። የጊዜ ክፍያ እንዲፈቀድልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ማመልከቻው ላይ አሁን መክፈል የሚችሉትን፣ ቀሪውን በየትኛው ወር ስንት እንደሚከፍሉ ይዘርዝሩ፤ የባንክ መግለጫ ያያይዙ። የገበያውን ጊዜ አስበው ወሮቹን ይምረጡ። ዝንጅብል ነጋዴ ምርቱ ከሚሰበሰብበት ወር በፊት ትልቅ ክፍያ አይግባ። የጊዜ ክፍያ ውሉን ካላከበሩ ሙሉ ዕዳውን በአንዴ ይጠየቃሉ። ቅጣት እንዲነሳልዎ በቂ ምክንያት ካለ፣ ለምሳሌ ሆስፒታል ተኝተው ከነበረ፣ ማስረጃውን አያይዘው ለብቻው ያመልክቱ።

ክፍያው ካለቀ በኋላ ክሊራንሱን ይጠይቁ፤ ያለ እርሱ ንግድ ፈቃድ አይታደስም። ሲሰጥዎ እዚያው መስኮቱ ፊት ቆመው ስምዎን፣ ቲን ቁጥርዎንና የግብር ዓመቱን ያንብቡ። የተመረመረው ዓመት በሲስተሙ ላይ ከዕዳ ነፃ መሆኑንም ሠራተኛውን አስከፍተው ይዩ። በእጅ የተከፈለው ሳይመዘገብ ቀርቶ በሚቀጥለው ሐምሌ ውዝፍ ሆኖ እንዳይመጣ፣ የክፍያ ደረሰኙን ቁጥር በእርስዎ ፊት ያስመዝግቡ።